አስቀድሞ የተለቀሰላት ጠፈርተኛ

ስናገር አትመልሱልኝ። ራስ መነቅነቅም፣ "እህ" ማለትም፣ "ወይ ጉድ" ብሎ ከንፈር መምጠጥም አያስፈልግም። ወደ ሌላ ዞራችሁ፣ ሽንኩርታችሁን እየመረጣችሁ ብትሰሙኝ ይበቃኛል። ምክንያቱ እየቆየ ይገባችኋል። ለእናንተው ብዬ ነው።

ወርቅያንጥፉ እባላለሁ፤ አልቃሽ ነበርኩ። አልቃሽ ስል እንዲያው እዬዬ የምትል ማለቴ አይደለም፣ እሱማ ማንም ይችላል። እኔ ድንኳን ገብቼ አፌን ስከፍት ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የኖረ ጎረቤት ሳይቀር ደረቱን ይደቃ ነበር። ስንቱ ቋጣሪ፣ ስንቱ ነገረኛ በእኔ አፍ ደግ ሆኖ ተቀብሯል! አሁን የምነግራችሁ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ዘርትሁን ስለምትባል ጣሪያ ጠጋኝ ነው።

ሀገራችን ከወንዙ ወዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ ሀገር አለ። ድሮ በግጦሽ እንጣላ ነበር፣ ከዚያ በውሃው፣ ከዚያ በድልድዩ። ድልድዩ ሲፈርስ የምንጣላበት አለቀብን መሰለኝ፣ በሰማይ መጣላት ተጀመረ። ማን ቀድሞ ሰው ሰማይ አውጥቶ ያወርዳል ተባለ። ማዶዎቹ እሳት የሚተፋ ነገር ሲያቆሙ ከሰፈራችን ይታየን ነበር። እኛም አቆምን። መንኮራኩር ይሉታል፤ ለእኔ ዓይን ግን ከጠላ ጋን ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ የወጣው ወንድ ነበር። አልወረደም። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ ቤተሰቡ "ይመጣል" እያለ ድንኳን ተክሎ ቁጭ አለ። ጎረቤትም ትቶ መሄዱ ነውር ሆነበትና አብሮ ተቀመጠ። ክረምት ከበጋ ሥራ ቆመ። ሁለተኛው ወጣ፣ እሱም አልወረደም፤ ሌላ ድንኳን። በዚህ ዓይነት ከተማው በሙሉ ድንኳን ውስጥ ሊገባ ሆነ። ይሄኔ የሰማይ ሹሙ፣ ማለት የመንኮራኩሩ የበላይ፣ መላ ዘየደ። ለቅሶው ይቅደም አለ። ሰውየው ገና መሬት ላይ እያለ ድንኳኑ ይተከል፣ ይለቀስ፣ ሁሉም ይውጣለት፤ በማግስቱ ይሂድ። ሰው ሁሉ "ምን ያለ ብልህ ነው!" አለ። ሹሙ ከፍታ ስለሚያዞረው በርጩማ ላይ እንኳ ወጥቶ አያውቅም፤ ለዚያ ሰው ይህን ማሰብ ትልቅ ነገር ነው። የሚመለስ ቢኖርስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የተመለሰ አልነበረማ።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ የተለቀሰለት ሰው ሙት ነው፤ በቃ። ሙትን ማየት ክልክል ነው፣ ሙት ሲናገር መመለስም ክልክል ነው። የመለሰ ወይም የነካ ሰው ለእሱም ይለቀስለታል። ሙቱን "አንተ"፣ "አንቺ" ብላ ማናገር የተፈቀደላት አልቃሽ ብቻ ናት፣ እሷም በዜማ፣ እሷም ለአንድ ሙት አንድ ጊዜ ብቻ። አልቃሽም ብትሆን ከአፏ የማታወጣት አንዲት ቃል አለች፤ "ነይ" ወይም "ና" አትልም። ሙት ጠርቶ ማምጣት ነዋ! ይህችን ልብ በሉልኝ።

ሴቶቹ የገቡበት እንዲህ ነው። የወንዶቹ ቁጥር እየሳሳ መጣ። ለወጣ ወንድ ሁሉ ደግሞ ሐውልት ይቆም ስለነበር አደባባዩ ሞልቶ ጋሪ ማዞሪያ ጠፋ። በዚህ መሃል ማዶዎቹ ሴት ሊያወጡ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሹሙ ዘሎ ተነሳ። "እኛ እንቀድማለን! ሴት ቀላል ናት፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፤ ሐውልትም አትጠይቅም" አለ።

አዋጁ ሲነገር የመጣውን ሴት ብታዩ! አዋላጅ አለች፣ አስተማሪ አለች፣ ጠላ ሻጭ አለች። ዳገት ላይ ወስደው በርሜል ውስጥ እየከተቱ ቁልቁል አንከባለሏቸው። ከበርሜል ወጥታ ያስመለሳት ተባረረች። ያላስመለሳትም "ይህችስ ምን ዓይነት ሴት ናት" ተብላ ልትባረር ነበር፣ ኋላ ተዋት። ዝንብ አፍንጫቸው ላይ እያሳረፉ አትንቀሳቀሱ አሏቸው። አስተማሪዋ ሁሉን አልፋ መጨረሻ ላይ "መውረጃውስ በየት በኩል ነው?" ብላ ጠየቀች። ተስፋ አስቆራጭ ጠባይ አላት ተብሎ ወደ ቤቷ ተላከች። ዘርትሁን ግን ምንም አልጠየቀችም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማዩን ብቻ ታይ ነበር። እሷ ቀረች።

ለቅሶዋን እንዳዘጋጅ ቤቷ ሄድኩ። አልቃሽ የሟችን ነገር አውቃ ነው የምትገባው። ባሏ ደምለው ቃል የማይወጣው፣ የተባለውን ሁሉ የሚሰማ ሰው ነው። ልጃቸው ትርንጎ የወተት ጥርሷን ገና ያልነቀለች ሕፃን ናት።

"ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ? ባል አለሽ፣ ልጅ አለሽ። ሰማይ ላይ ምን አስቀምጠሻል?" አልኳት።

"እትዬ፣ ጣሪያ ጠግኜ ስጨርስ መውረድ አለ። መውረዱ ነው የሚያስጠላኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ 'ውረጂ' ያላለኝ ሰው የለም። እናቴ ውረጂ፣ ባሌ ውረጂ፣ መንገደኛው ሁሉ አንቺ ሴትዮ ውረጂ! አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸው ከማይደርስበት ብደርስ ብዬ ነው።"

"ትርንጎስ?"

"ተመልሼ እወስዳታለሁ። የተመለሰ የለም እንዳትዪኝ፤ የመጀመሪያዋ እኔ እሆናለሁ። በእግሩ ተመልሶ የመጣን ሰው ማን ከሙት ይቆጥረዋል?"

"ሁሉም ነዋ!" አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መሰላት።

ለቅሶው ደማቅ ነበር። እሷ እንደ ወጉ ከድንኳኑ ጥግ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። እኔ ተነስቼ

"ምድር ብትጠባት ሰማይ ልትሄድ ነው፣
በሯን ላንኳኳ ሰው አቤት ባዩ ማነው?"

ስል ድንኳኑ በጩኸት ተናወጠ። ስለ ጉልበቷ ሕመም ግጥም ስጨምር ከጥግ ሆና "ጉልበቴ አይደለም እትዬ፣ ወገቤ ነው" አለች በሹክሹክታ። ማንም አልሰማም፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንም ሊሰማት አይችልም ነበር። ትርንጎ ወደ እናቷ ልትሮጥ ስትል አባቷ ቀሚሷን ይዞ አስቀራት። "የታለች? ማንም የለም እኮ" አላት። ልጅቷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ጥጉን አየች። ይህን እያየሁም ድንኳን ያለውን ሁሉ አስለቅሼ ጨረስኩ።

ወንዶቹ ሁልጊዜ በማግስቱ ስለሚወጡ ችግር አልነበረም። የእሷ ዕለት ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። ሹሙ የሽኝት ንግግር የሚያደርግበት ዳስ ጣሪያ ስላልነበረው፣ ከመንኮራኩሩ ጎን ላይ ቆርቆሮ ገሽልጠው ዳሱን አለበሱት። ንግግሩ ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ መንኮራኩሩ ራቁቱን ቆሞ ተገኘ። "ዳሱ ይፍረስና ይመለስ" እንዳይባል ንግግሩ ገና ብዙ ጊዜ ይደገማል። "ሌላ ቆርቆሮ ይመጣል" ተባለ። ክረምት ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ቆርቆሮው አልመጣም።

ዘርትሁን ሞታ ቀረች።

ወደ ቤቷ ብትሄድ ደምለው ሌላ ሚስት አግብቷል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፣ ምን ያድርግ? በር ላይ ቆማ ስትጣራ ወጥቶ በራሷ ላይ አሻግሮ መንገዱን አየና "ነፋስ ነው" ብሎ ዘጋው። በከተማችን ሙት የሚያደርገው ሁሉ ነፋስ ነው። ሱቅ ገብታ ዳቦ ስታነሳ ባለሱቁ "ዛሬ ደግሞ ነፋሱ በዛ" ይላል። ሥራዋንም አልተወችም። ምን ትሥራ ታዲያ? ቀዳዳ ጣሪያ ያየች እንደሆነ መሰላል አስደግፋ ትወጣለች፣ በጠራራ ፀሐይ መዶሻዋን ይዛ ትመታለች። ባለቤቶቹ ከታች ቆመው "ተመስገን፣ ነፋስ ጠገነልን!" ይላሉ። በሕይወት እያለች የሠራችበትን የማይከፍሏት የነበሩ ሁሉ አሁን ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር፣ ለነፋሱ። ውረጂ የሚላት ግን አልነበረም። የፈለገችውን አገኘች እንበል?

አንድ ቀን ጠዋት ትርንጎ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። የፊት ጥርሷ ወልቋል።

"እትዬ፣ ለቅሶ አስተምሪኝ።"

"ምን ቸገረሽ አንቺ! ሂጂ ተጫወቺ።"

"እናቴን ማናገር እፈልጋለሁ። አልቃሽ ብቻ ናት የሚፈቀድላት ተባልኩ።"

እዚያው ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። ምኑን ልንገራችሁ! ስንት ሺህ ሰው ያስለቀስኩ ሴትዮ የዚያን ቀን አንዲት ሕፃን አስለቀሰችኝ። አስተማርኳት። ድምፅ ነበራት፣ እንዴት ያለ ድምፅ! አንድ አልቃሽ ለአንድ ሙት አንድ ጊዜ ነው ብያችኋለሁ፤ ግን ተለማማጅ ስንት ጊዜ እንደምትለማመድ የተደነገገ ነገር የለም። እናቷ ጣሪያ ላይ ስትሆን እታች ቆማ ትለማመዳለች።

"የፊት ጥርሴ ወልቆ ጣሪያ ላይ ጣልኩት፣
እጅሽ ያግኘው ብዬ ላንቺ ነው የላክኩት።"

እላይ መዶሻው ቀጥ ይላል። ቆይቶ ቆርቆሮው ኳ፣ ኳ ይላል፤ ትንሽ ያርፍና ደግሞ ኳ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚመልስላት። አላፊ አግዳሚው "ታድላ፣ እናቷን አትረሳም" እያለ ያልፋል። ስለ ነፋሱ ግን ማንም አይናገርም።

ከዚያ ማዶዎቹ የመንኮራኩራቸውን እሳት ለኮሱ። ጭሱ ሲታይ ሹሙ ዳሱን በገዛ እጁ አፈረሰ አሉ። ቆርቆሮው ተመልሶ ተመታ፤ የመታው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ነፋሱ ነው። "አሁኑኑ ሰው ይውጣ! ለቅሶ የምንቀመጥበት ጊዜ የለንም። የተለቀሰለት ማን አለ?" ሲል ሁሉም ቀና ብሎ አንድ ጣሪያ አየ።

ከመውጣቷ በፊት አጠገቤ መጥታ ቆመች። እኔ ገበያውን እያየሁ፣ እሷ እኔን እያየች።

"እትዬ፣ መልስ አልፈልግም፤ ስሚኝ ብቻ። አሁን መውጣቱ አያምረኝም። ልጄ ደህና አድርጋ ማልቀስ ችላለች፣ እሷን እየሰማሁ ብኖር ይበቃኝ ነበር። ግን ሙትን ማን ይጠይቃል? ብቻ አደራ፣ ብወርድ አንድ ሰው እንኳ 'ነይ' ይበለኝ።"

ከንፈሬን ነክሼ ገበያውን አየሁ። ምን ላድርግ!

ወጣች። ምድር ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎች ጮሁ፣ ሹሙ ዓይኑን ጨፈነ። ሕዝቡ ሁሉ አውድማው ላይ ተሰብስቦ ነበር፣ እኔና ትርንጎም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመንኮራኩሩ ጋር መነጋገሪያው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸና ድምጿ መጣ። "ይሰማል? ደርሻለሁ። ይሰማል?" ሬዲዮው ጋ የተቀመጡት ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አንገታቸውን ደፉ።

"ማነው የሚያወራው?" አለ ሹሙ።

"ነፋስ ነው ጌታዬ።"

"ይጨልማል" አለ ነፋሱ። "ይበርዳልም። እንዴት ነው የሚወረደው? ማንም አልነገረኝም።"

መሐንዲሱ ማውረጃውን ያውቀዋል፤ የሠራው እሱ ነው። ግን ለሙት እንዴት ይመልስ? ሹሙ ላብ አጠመቀው። ስለ እሷ አልነበረም፤ ጋኑ ካልወረደ ያሸነፍነው የቱ ላይ ነው? በመጨረሻ "አልቃሽ ጥሩ!" አለ። ወደ ፊት ገፉኝ።

"እኔ አልቅሼላታለሁ፤ ሁለቴ አይሆንም። ተማሪዬ ግን አለች" አልኩ።

ትርንጎን ወንበር ላይ አቁመው ማይክራፎኑን አስያዟት። ድንኳን ውስጥ ዘመድ የሟቹን ነገር ለአልቃሽ በጆሮዋ እንደሚያቀብል መሐንዲሱ ለእኔ ያንሾካሹካል፣ እኔ ለልጅቷ፣ ልጅቷ ለእናቷ።

"ቀዩ እጀታ አለ ከግራ ጎንሽ፣
ሳቢው እናትዬ ሳይዝል ክንድሽ።"

ከዚያ በሬዲዮው ውስጥ ኳ፣ ኳ፤ ትንሽ ቆይቶ ኳ። ሰው ሁሉ ያን ኳኳታ ከየጣሪያው ያውቀዋል፤ ስንቱ አንገቱን እንደደፋ አየሁ። እጀታውን ሳበችው። መሐንዲሱ ጣቱን እያነሳ ቆጠረ፣ ሆኗል ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"ትርንጎዬ" አለች ከላይ። "ልምጣ?"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እዚህ ላይ የሚሆን ግጥም የለም። ለዚህች ጥያቄ አልቃሽ ግጥም ኖሯት አያውቅም። ትርንጎ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያለ ዜማ፣ እንደማንኛውም ልጅ "ነይ! እማዬ ነይ! ነይ ውረጂ!" ብላ ጮኸች።

ሹሙ የማይክራፎኑን ገመድ ነቀለው።

ጋኑ ወረደ። አውድማው ዳር አፈሩን ገምሶ ተጋደመ፣ ጎኑ ቀልቶ ይጨሳል። ከበሮ ተመታ፣ እልል ተባለ። "መንኮራኩራችን ባዶውን ወጥቶ ባዶውን ተመለሰ! ማዶዎቹ ይህን አላደረጉም!" ብሎ ሹሙ አወጀ። ከዚያ ከበሮው ሲያርፍ ከውስጥ ኳ፣ ኳ። ኳ።

"ነፋስ ነው" አለ ሹሙ።

"ነፋስ ነው" አለ ሕዝቡ።

የበሩ እጀታ በውጭ በኩል ብቻ ነበር። ከውስጥ የሚወጣ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለማ። ትርንጎ ሮጠች። በነጠላዋ ጫፍ ይዛ እጀታውን ወደ ቀኝ ገፋችው፣ አልሆነም፤ ወደ ግራ ሳበችው፣ ነቅነቅ አለና ቆመ። ለእሷ አቅም ከበዳት። ዞራ ሰዉን አየች። ደምለው ከፊት ቆሟል፣ አባቷ፤ አሻግሮ ወንዙን ያያል። ኳኳታው እየቀዘቀዘ መጣ። በመጀመሪያው ኳ እና በሁለተኛው መካከል ጊዜ ይወስድ ጀመር።

እንግዲህ አሮጊት ነኝ፤ ከእንግዲህ ምን ይቀርብኛል አልኩ። ሄድኩና ከልጅቷ ጋር ያዝኩት። እጄ ተጠበሰ፤ ይኸው ጠባሳው። ወደ ግራ ዞረ።

ዘርትሁን በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። መጀመሪያ አፈሩን በመዳፏ ነካችው። ከዚያ ሌላውን እጇን ከፈተች፤ የትርንጎን ጥርስ ይዛው ነበር፣ እላይ ድረስ። ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ቀና ስል ሕዝቡ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር፣ ከበሮ መቺው ሳይቀር።

ለእኔና ለትርንጎ በአንድ ድንኳን ተለቀሰ። ከውጭ ቆሜ ሰማሁ። ያለቀሰችልኝ አዲስ አልቃሽ ድምፅ የላት፣ ግጥም የላት! "ትዕግሥተኛ ነበረች" አለች ስለ እኔ። የአባቴን ስም እንኳ አሳሳተችው። ደምለው ለልጁ አምርሮ አለቀሰ፤ ይህን አልክድበትም። ልጁ አጠገቡ ቆማ "አባዬ" ስትለው ዓይኑን ጨፈነ።

አደባባዩ ላይ ለባዶው መንኮራኩር ሐውልት ቆሟል። አሁን ደግሞ ሹሙ ፈቃደኛ ሴት መፈለግ ትቷል፤ የተለቀሰላቸው አሉዋ! ለመንኮራኩሩ ሦስት መቀመጫ ተሠርቶለታል፣ አንዱ አጠር ያለ ነው። ሐሙስ ያወጡናል። ዘርትሁን ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ላይ ወጥታ አታውቅም። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ "እትዬ፣ መሬት ላይ መቀመጥ እንዴት ደስ ይላል" ትለኛለች። ልቤ ይፈርሳል።

ለዚህ ነው ገበያ መሃል ቆሜ የምለፈልፈው። አትመልሱልኝ፤ ልጆች አሏችሁ። ማን ነገራችሁ ካሏችሁ ነፋስ በሉ። ቀዩን እጀታ እንደሆነ ዘርትሁን አውቃዋለች፣ እንወርዳለን። ብቻ ሐሙስ አውድማው ላይ ስትሰበሰቡ፣ ከበሮው ሲያርፍ፣ ከውስጥ ስናንኳኳ ትሰሙናላችሁ። እጀታው ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ይፋጃል፣ ጨርቅ ያዙ። ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ሁለት ሁኑ።